በርሜሉና ቅሉ

ታላቅ እኅቴ ባለፈው ጥቅምት ከአሜሪካ ስትመጣ፣ ከሻንጣዋ ውስጥ በፎጣ የተጠቀለሉ አራት የለስላሳ መጠጥ ጣሳዎች አወጣች። አረንጓዴና ቢጫ ናቸው። ሾጣጣ ቆብ የደፋ ጺማም ድንክ ተስሎባቸዋል። «ለስላሳ ከአሜሪካ ድረስ ይጫናል እንዴ? እዚህ ምን ጠፍቶ?» ብዬ ሳቅሁባት። እሷ አልሳቀችም። «ዝም ብለህ ቅመሰው» አለችኝ።

ከፍቼ ወደ አፌ ሳስጠጋው፣ ገና ሳልጎነጭ፣ ጋዙ ባፍንጫዬ ገብቶ አስነጠሰኝ። ይኼኔ ሳቀች። እሷ ባለችበት አገር ይህን መጠጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምስ ሰው ማስነጠሱ የታወቀ ነው። ቀጥሎ ዝንጅብሉ ጉሮሮዬን አሞቀው፤ ኋላ ደግሞ የቫኒላ ጣዕም ምላሴ ላይ ቀረ። ስሙ ቨርነርስ ነው፤ የዲትሮይት ከተማ መጠጥ። እዚያ ልጅ ሆዱን ሲያመው እናቱ ይህን ትሰጠዋለች። ጉንፋን የያዘው አሙቆ ይጠጣዋል። ከቫኒላ አይስክሬም ጋር ሲበጠብጡት ደግሞ «ቦስተን ኩለር» ይሉታል፤ ስሙ የቦስተን ይምሰል እንጂ አገሩ ዲትሮይት ነው። ለሆድ አምቦ ውሃ፣ ለጉንፋን ዝንጅብል በማር እየተባልን ላደግን ሰዎች ነገሩ ሩቅ አይደለም።

ልቤን የነካው ግን ጣዕሙ ሳይሆን ታሪኩ ነበር። እኅቴ እንደ ሰማችው ነገረችኝ፤ እኔም እንደ ነገረችኝ ልንገራችሁ። (በዚህ ጽሑፍ የዲትሮይቱን ጉዳይ እንደ ፈረንጆቹ፣ የቤቴን ጉዳይ እንደ እኛው አቆጣጠር ነው የጻፍሁት።)

ጄምስ ቨርነር የሚባል የ19 ዓመት ወጣት ዲትሮይት ውስጥ በአንድ መድኃኒት ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። በዚያ ዘመን ከአየርላንድ፣ ከቤልፋስት ከተማ፣ የሚመጣ የዝንጅብል መጠጥ አሜሪካ ውስጥ ይወደድ ስለ ነበር፣ ወጣቱ ያንን የሚመስል ለመሥራት ዝንጅብልና ቫኒላ ከሌሎች ቅመሞች ጋር እየቀላቀለ ይሞክር ጀመር። በ1862 የእርስ በርስ ጦርነቱ ጠራው። የቀመመውን በኦክ እንጨት በርሜል አድርጎ፣ አፉን ገጥሞ፣ ዘመተ። ከአራት ዓመት በኋላ በሕይወት ተመልሶ በርሜሉን ቢከፍተው፣ እንጨቱና ጊዜው ቅመሙን ሌላ ነገር አድርገውት አገኘ። ቨርነርስ እንዲህ ተወለደ። ጠርሙሱም ለብዙ ዘመን «አራት ዓመት በእንጨት ውስጥ የቆየ» የሚል ቃል ሲሸከም ኖረ።

ይህን በሰማሁ ሌሊት ግጥም ጻፍሁ። መቼም እኔ ቀን የሰው ገንዘብ፣ ማታ የራሴን ቃል የምቆጥር ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ታሪክ እጄ ገብቶ ዝም ብዬ አላድርም። ሃያ ስንኝ ያህል ነበር። መካከሉ ላይ፦

እሱ ጦር ሜዳ ላይ ሞትን ሲያባብል፣
በጓዳ ጨለማ ይጣፍጣል በርሜል፤

የሚል አለበት። በወሩ፣ ወዳጆች በምንሰበሰብበት የግጥም ምሽት አነበብሁት፤ ተጨበጨበልኝ። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በፊት ለአንድም ግጥሜ እንዲያ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም።

ያ ግጥም ግን የበርሜሉ ብቻ አልነበረም። አባቴ በ1980 ዓ.ም. ለውትድርና ተጠርቶ ሲዘምት እኔ የወራት ልጅ ነበርሁ። እናቴ ዛሬም ድረስ የምትተርከው እንዲህ ነው። አባታችን ሊሄድ ሰሞን ከቆረጠው ቀፎ የተገኘውን ማር በቅል ሞላችው፤ አፉን በሰም ደፈነችው፤ ጓዳ ውስጥ ማገሩ ላይ ሰቀለችው። እሱ ሳይመለስ እንዳይከፈት ማለች። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ጣት አልነካውም። በሰኔ 1983 ዓ.ም. አባቴ ከሰሜን በእግሩ ተጉዞ፣ እግሩ አብጦ፣ ማታ ላይ ደብረ ማርቆስ ሲገባ ቅሉን አወረደች፤ ሰሙን በቢላዋ ላጠች፤ በማሩ ብርዝ በጥብጣ አጠጣችው። አባቴም በሕይወት ሳለ ይህን ለእንግዳ ሲያወራ ዓይኑ እንባ ያቀርር ነበር። እንግዲህ እኅቴ ስለ ዲትሮይቱ በርሜል ስታወራ እኔ የማየው የጓዳችንን ማገር ነበር። አንድ ሰው ይሄዳል፤ የተወው ነገር በጨለማ ይጠብቀዋል፤ ይመለሳል፤ ይጠጣል። በሁለት አህጉር፣ ከመቶ ዓመት በላይ በሆነ ልዩነት፣ አንድ ዓይነት ታሪክ።

ግጥሙን ከሌሎቹ ጋር በትንሽ መድበል ላወጣው ሳስብ፣ ከግርጌው ዓመቱን የሚናገር አንድ መስመር ልጨምርበት ፈለግሁ። የሥራ ልማድ ነው፤ ቀኑ ያልተረጋገጠ ወረቀት እንቅልፍ አይሰጠኝም። እዚህ ላይ ነው ነገር የመጣው።

ቨርነር የዘመተው ከ4ኛው የሚቺጋን ፈረሰኛ ጦር ጋር ነው። ይህ ጦር ስመ ጥር ነው፤ ጦርነቱ ሲያበቃ የደቡቦቹን ፕሬዚዳንት ጄፈርሰን ዴቪስን ሜይ 10 ቀን 1865 ጆርጂያ ውስጥ የማረከው እሱ ነው። የተቋቋመው በኦገስት 1862፣ የተበተነው በጁላይ 1865 ነው። ይህ ስንት ዓመት ይሆናል? ሦስት እንኳ አይሞላም። ታዲያ አራቱ ዓመት ከየት መጣ? እጄ ላይ ያለውን ጣሳ ገልብጬ አየሁት፤ በበርሜል የቆየው ሦስት ዓመት ነው ይላል። ቀድሞ አራት ነበር፤ ኋላ ሦስት ሆነ። የልደት ዓመቱ ደግሞ 1866 ተብሎ ይጻፋል፤ ዲትሮይትም 150ኛውን ዓመት ያከበረችው በ2016 ነው። ጦሩ በ1865 ከተበተነ ሰውየው በርሜሉን ለመክፈት ምን አዘገየው? እንዲህ ያለ ወረቀት መስኮቴ ላይ ቢቀርብ፣ «ጌታዬ፣ ቁጥሩ አይገናኝም፤ አስተካክለው ይምጡ» ብዬ በትሕትና እመልሰው ነበር።

እንዲህ እያልሁ ወደ ሰብሳቢዎቹ ዓለም ገባሁ። የአንድን ለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ፣ ቆርኪ፣ ሣጥን፣ የቆርቆሮ ማስታወቂያና የአደባባይ ብርጭቆ ሲለቅሙ ዕድሜያቸውን የሚጨርሱ ሰዎች አሉ። ስለ ቨርነርስ ብቻ የሎውረንስ ራውች መጽሐፍ በ2003፣ የሰብሳቢው የኪት ዋንደርሊክ ደግሞ በ2008 ታትመዋል። በመጀመሪያ ሥራ የፈቱ ሰዎች መስለውኝ ነበር። ኋላ ግን አክብሮቴ እያደገ ሄደ። እነዚህ ሰዎች የሚወዱትን ነገር ለመመርመር የማይፈሩ ናቸው፤ ይህ ደግሞ በግጥም ሰዎች መካከል እንኳ ብዙ ያላየሁት ጠባይ ነው።

ጠርሙስ እንዴት እንደሚያነብቡ ልንገራችሁ። በአሮጌ ጠርሙስ ጎን ላይ ከቅርጽ ማውጫው የቀረ ቀጭን የስፌት መስመር ይታያል። መስመሩ አንገቱ ላይ ደርሶ ከከንፈሩ በታች ከጠፋ፣ አፉ በሰው እጅ የተበጀ ነው ማለት ነው። መስመሩ ከንፈሩን አልፎ እስከ ጫፍ ከወጣ ግን የመኪና ሥራ ነው፤ ይህንንም ማይክል ኦወንስ በኦሃዮ በ1903 ገደማ የሠራው ማሽን ያመጣው ነው። አፉ ላይ የቆርኪ ከንፈር ካለው ከ1892 ወዲህ ነው፤ ቆርኪን ዊልያም ፔንተር የሚባል የባልቲሞር ሰው በፓተንት ያስመዘገበው በዚያ ዓመት ነውና። ከቆርኪው በፊት ደግሞ ቻርልስ ሃቺንሰን በ1879 ያስመዘገበው በሽቦና በላስቲክ የሚዘጋ ዓይነት ነበር። እንግዲህ ማንም ቢምል ቢገዘት፣ ጠርሙሱ በራሱ አንገት ላይ ዕድሜውን ይዞ ይዞራል።

ከሁሉ ያስደነቀኝ የቤልፋስቱ ጠርሙስ ነው። ቂጡ እንደ እንቁላል የሾለ ነው፤ ፈጽሞ አይቆምም። ስካር የሠራው ይመስላል እንጂ ብልሃት ነው። ጠርሙሱ ሲቆም ቡሹ ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ ጋዙ ያመልጣል። ጠርሙሱ መቆም ካልቻለ ግን ሁልጊዜ ጋድም ይላል፤ ቡሹም እንደ ራሰ ውቅያኖስ ያቋርጣል። የጥንቱ ቨርነር ሊመስለው የተመኘው መጠጥ በእንዲህ ዓይነቱ ጠርሙስ ነበር የሚመጣለት። ሰብሳቢዎቹ እነዚህን ጠርሙሶች ከየት ያወጣሉ ቢሉ፣ አንዱ ዋና ቦታ ከመቶ ዓመት በፊት የተደፈነ የመጸዳጃ ጉድጓድ ነው። የድሮ ሰው የማይፈልገውን ሁሉ እዚያ ይጥል ነበር። አፈሩ ዛሬ ሽታ የለውም ይላሉ። እኔ ግን ለማረጋገጥ አልቸኩልም።

ጠርሙስ የማይመልሰውን ደግሞ ወረቀት ይመልሳል። የአሜሪካ ከተሞች በየዓመቱ የነዋሪ ማውጫ ያሳትሙ ነበር፤ የሰው ስም፣ ሥራው፣ ቤቱ፣ ሱቁ በፊደል ተራ የሚዘረዘርበት። ሰብሳቢ የሚባለው ሰው ከነዚህ ማውጫዎች ፊት ተቀምጦ ዓመት በዓመት ያገላብጣል፤ ከሰውዬው ስም አጠገብ ምን ተጻፈ? «መድኃኒት ሻጭ» ነው ወይስ «የዝንጅብል መጠጥ»? ከዚያ የጋዜጣ ማስታወቂያ ይፈልጋል። ከዚያ የንግድ ምልክት መዝገብ ይከፍታል።

የቨርነር ነገር የሚፈታውም፣ ወይም የሚቋጠረውም፣ በዚህ መዝገብ ላይ ነው። በ1911 «ቨርነርስ» የሚለው ስም ለዝንጅብል መጠጥና ለጭማቂው የንግድ ምልክት ሆኖ እንዲመዘገብ ማመልከቻ ገባ። እንዲህ ያለ ማመልከቻ አመልካቹ ምልክቱን ከመቼ ጀምሮ ሲሠራበት እንደ ኖረ እንዲገልጽ ይጠይቃል። የተጻፈው ዓመት 1862 አይደለም። 1866ም አይደለም። 1880 ነው።

እስቲ ይህን እንደ አንድ የባንክ ሠራተኛ ላስረዳ። ሰው ስለ ራሱ የሚጠቅመውን ሲጽፍ ጠርጥረው። የማይጠቅመውን ሲጽፍ ግን እመነው። ለንግድ ምልክት ባለቤት የቀደመ ዓመት ሁሉ ጥቅሙ ነው፤ ቀድሞ የያዘ ይበልጣልና። ቨርነር በዚያን ጊዜ 68 ዓመቱ ነው፤ ሕያው ነው፤ የራሱን ዕድሜ የሚረሳ ሰው አይደለም። የበርሜሉ ታሪክ እውነት ቢሆን ኖሮ ዓሥራ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ መጻፍ ይችል ነበር። አልጻፈም። በ1936 ደግሞ፣ አባትየው በ1927 ካረፈ በኋላ፣ ከአባቱ ጋር ሲሠራ የኖረው ልጁ ጄምስ ቨርነር ታናሹ በሰጠው ቃለ መጠይቅ፣ ቅመሙ የተገኘው ከጦርነቱ በኋላ መሆኑን ጠቆመ።

በእርግጥ የሚከራከር ሰው መንገድ አያጣም። ስሙ የተለጠፈበት ዓመት ቅመሙ የተበጀበት ዓመት አይደለም፤ ሰውየው ከ1866 ጀምሮ ስም ሳይሰጥ በብርጭቆ ሲቀዳ ኖሮ ሊሆን ይችላል። ይቻላል። ክርክሩ ግን የዋዛ አይደለም። «የአሜሪካ ጥንታዊው ለስላሳ» የሚለው ማዕረግ በዚህ ዓመት ላይ ያርፋል። ፊላደልፊያ ውስጥ ቻርልስ ሃየርስ የተባለ ሌላ መድኃኒት ቀማሚ ሩት ቢሩን ይዞ አደባባይ የወጣው በ1876 ነው። ዶክተር ፔፐር በ1885፣ ኮካ ኮላ በ1886 ተከተሉ፤ ሁለቱም ከመድኃኒት ቀማሚ እጅ የወጡ ናቸው። የቨርነር ልደት 1866 ከሆነ የሁሉም ታላቅ ነው። 1880 ከሆነ ግን ዘውዱን አውልቆ ለሃየርስ ይሰጣል። አንድ ከተማ ስትኮራበት የኖረችውን ነገር በአንድ የቢሮ ወረቀት መነጠቅ ቀላል አይደለም።

እኔ ከዚህ ሁሉ በኋላ ያገኘሁት ሰው ግን በርሜል የከፈተው ወታደር አይደለም። ከጦር ሜዳ መጥቶ ውድዋርድ ጎዳና ላይ የራሱን መድኃኒት ቤት የከፈተ፣ ሚዛንና ሙቀጫ ይዞ ከባንኮኒ ኋላ የቆመ ሰው ነው። ዝንጅብል በዚያ ዘመን ለሆድ የታወቀ መድኃኒት ነበር፤ ጋዝ ያለው ውሃም ለጤና ይጠጣ ነበር፤ ሁለቱን ማጋባት የመድኃኒት ቤት ሥራ ነው። ከ1865 እስከ 1880 ዓሥራ አምስት ዓመት ነው። ዓሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ቀን ቀን የሰው መድኃኒት እያዘጋጀ፣ በትርፍ ጊዜው አንድ ጣዕም ሲያሳድድ ታየኝ። (የማታ ሥራ ያለው ሰው ይህን ያውቃል።) ሚቺጋን መድኃኒት ቀማሚዎችን በፈቃድ ማሠራት ስትጀምር ቁጥር 1 ፈቃድ የእሱ ነበር። በ1896 መድኃኒት ቤቱን ዘጋ፤ ወደ ወንዙ ወረድ ብሎ፣ ጀልባዎቹ ከሚነሡበት አጠገብ፣ የዝንጅብል መጠጡን ብቻ በብርጭቆ መሸጥ ያዘ። በዚያን ጊዜ 53 ዓመቱ ነበር። የዘመኑ ሰው ወደ ማረፊያው በሚያስብበት ዕድሜ፣ በአንድ መጠጥ ላይ ሁሉን ነገር ጣለ። ቤተሰቡ ኩባንያውን የሸጠው በ1966 ነው፤ የዲትሮይቱ ፋብሪካ የተዘጋው በ1985። ከዚያ ወዲህ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ዛሬ የአንድ ግዙፍ ኩባንያ ንብረት ነው።

ይህን ሁሉ ባሰባሰብሁ ማግሥት ለእኅቴ ደወልሁላት። እውነት ለመናገር እንደ ድል አድራጊ ነበርሁ። «እታለም፣ የበርሜሉ ነገር ተረት ነው» አልኋት። የጦሩን ዓመት፣ የ1911ዱን ማመልከቻ፣ የልጁን ቃል ደረደርሁላት። በዝምታ ሰማችኝ። ሲያልቅብኝ፣ «ጎበዝ» አለችኝ። ጥቂት ቆይታ ደግሞ፣ «ለመሆኑ የቅሉንስ ነገር አጣርተሃል?» አለች።

«የምን ቅል?»

«የእማዬን ቅል ነዋ።»

አባታችን ሲዘምት እሷ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። እኔ የማውቀውን ሁሉ የሰማሁት ነው፤ እሷ ያየችው ነው። እንዲህ አለችኝ፦ «ማሩ እውነት ነው፤ በሰም መደፈኑም እውነት ነው። በሁለተኛው ክረምት ግን አንተን ኩፍኝ ያዘህ። ትንፋሽ አጠረህ። እማዬ ሌሊት አዝላህ ጤና ጣቢያ ሄደች፤ መርፌው ይገዛ ሲሏት ገንዘብ አልነበራትም። ሲነጋ ቅሉን አውርዳ አሸከመችኝ። ከኛ በታች ጠጅ የሚጥሉት እትዬ ነበሩ፤ እሳቸው ገዙን። ባዶውን ቅል ይዤ ስመለስ አፉን እንደገና በሰም ደፈነችና እቦታው ሰቀለችው። ‹ሰው ሲመጣ ባዶ ማገር አይይ› አለች።»

ምንም አልተናገርሁም።

«አባባ የገባ ማታ» ቀጠለች፣ «ጓዳ ጠራችኝና እጄ ላይ ጣሳ አስያዘችኝ። ለእትዬ ሄጄ በዱቤ ማር አመጣሁ። ሰሙን በቢላዋ ስትልጥ አይቻለሁ፤ እሱም አይቷል። ከየት እንደሚቀዳ ግን ጓዳ ውስጥ ነበርና አላየም።»

«ታዲያ አባባ ሳያውቅ ሞተ ማለት ነዋ?» አልኋት። የአባቴ እንባ ነበር ትዝ ያለኝ።

በስልኩ ውስጥ ስትስቅ ሰማኋት። «አንተ ደግሞ! ዱቤውን ማን የከፈለ ይመስልሃል? ገንዘብ የለውም፤ ወታደር ተበትኖ የመጣ ሰው ነው። በሳምንቱ ሁለት ቀን ሙሉ የእትዬን አጥር አጠረላቸው። እሳቸው ምን እንደ ነገሩት አላውቅም። እማዬን ግን አንድ ቀን አልጠየቃትም። ለእንግዳ ስለ ቅሉ ማውራት የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው።»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ተቀመጥሁ። ግጥሜን አውጥቼ አነበብሁት። ስንኞቹ ጥፋት የለባቸውም፤ ቤት ይመታሉ። ነገር ግን ያ ግጥም ስለ ማን እንደ ሆነ ጠፋኝ። የእናቴ ማር በጨለማ ውስጥ ሲጣፍጥ አልቆየም፤ መርፌ ሆኖ እኔ ክንድ ውስጥ ገብቷል። ማገሩ ላይ ሁለት ዓመት የተንጠለጠለው ባዶ ቅል ነው። እኔ ደግሞ በዚያ ቅል ሥር ስድኽና ስራመድ ያደግሁ፣ ዋጋውን የበላሁ ሰው ነኝ። ስለ ጠበቀ ማር ጽፌ ጭብጨባ ተቀበልሁ።

ግጥሙን ከመድበሉ አወጣሁት። አልቀደድሁትም፤ መሳቢያ ውስጥ አለ። ስለ ባዶው ቅል ሌላ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቴም ከሸፈብኝ። ዓሥራ አምስት ዓመት ባንኮኒ ኋላ ስለ ቆመው ሰውም ሞክሬአለሁ፤ እሱ ትንሽ ሳይሻል አይቀርም።

ለፋሲካ ደብረ ማርቆስ ስወርድ አራተኛዋን ጣሳ ይዤላት ሄድሁ። እናቴ ጉንፋን ይዟት አገኘኋት። ዲትሮይቶች እንደሚያደርጉት በትንሽ ድስት አሞቅሁላትና በስኒ ቀዳሁላት። ጋዙ በእሳቱ ስለ ሄደ አላስነጠሳትም። ሁለት ጊዜ ፉት አለችና ስኒውን እያየች፣ «ይኼማ የዝንጅብል ሻይ ነው፤ ምኑ ነው ለስላሳ?» አለች። እኅቴ በስልክ መስመር ላይ ነበረች፤ ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ከአልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጬዋለሁ። መጠጡ በርሜል ውስጥ ሦስት ዓመት የሚቆይ እንደ ሆነ ነገርኋት።

«ሦስት ዓመት?» አለች እናቴ። ስኒውን አስቀመጠች። ነጠላዋን አስተካከለች፤ ሊመጣ ያለውን አወቅሁ። «የአባትህስ ማር! አፉን በሰም ደፍኜ፣ እዚያች ማገር ላይ…» ብላ በእጇ አመለከተች፤ ቤቱ ከታደሰ ወዲያ ማገሩ በኮርኒስ ተሸፍኗል። «ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ጣት አልነካውም። እንዲያው እኅትህ ምስክር ናት። አይደለም እንዴ?»

ስልኩ ውስጥ ጥቂት ዝምታ ሆነ።

«አዎ እማዬ» አለች እኅቴ። «እኔ ነኝ ጣሳውን የያዝሁልሽ።»

እናቴ ወደ ስልኩ ዞር ብላ አየች፤ ከዚያም ወደ እኔ። ስኒውን አንሥታ የቀረውን ጨለጠችው።

«ዝንጅብሉ በዝቷል» አለች። «ካለህ ግን ድገመኝ።»